ተጨማሪ መረጃ፦ ጠብታው ዓይን ውስጥ፣ ጣዕሙ ምላስ ላይ

ዓይንን አርሶ የተረፈው እንባ ወዴት ይሄዳል? በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ማዕዘን፣ በላይኛውና በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ፣ አንዳንድ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከዚያ ተነስቶ እንባን ወደ አፍንጫ የሚያወርደው ቀጭን መተላለፊያ የእንባ ቦይ ይባላል። ሰው ሲያለቅስ አፍንጫውም የሚረጥበው ለዚህ ነው።

መድኃኒትም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሊፊቴግራስት የተባለ የዓይን ድርቀት ጠብታ በአፍንጫ አልፎ ጉሮሮ ስለሚደርስ፣ አንዳንድ ተጠቃሚዎች አፋቸው ውስጥ እንግዳ ጣዕም ይሰማቸዋል።

ይበልጥ የሚገርመው ግን ቫሬኒክሊን ነው። ማጨስ ለማቆም በሚዋጥ ኪኒን የታወቀው ይህ መድኃኒት በ2021 እ.ኤ.አ. ለዓይን ድርቀት ሲፈቀድ፣ የሚነፋው ዓይን ላይ ሳይሆን አፍንጫ ውስጥ ሆነ፤ እዚያ ያለውን ነርቭ ቀስቅሶ ዓይን የራሱን እንባ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ታዲያ በሙከራው ወቅት መድኃኒቱን ከወሰዱት 82 በመቶው አስነጠሳቸው!

እስቲ ሞክሩት፦ እጃችሁን ታጥባችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። የታችኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ሳብ አድርጉ። በአፍንጫ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ፈልጉ።