ቂብላን በጥላ፦ የተማርነው ለመንደራችን ምን ይጠቅማል?



ብዙዎቻችን በመድረሳና በመንግሥት ትምህርት ቤት መካከል እየተመላለስን ነው ያደግነው። በአንዱ ቂብላን፣ በሌላው የመሬትን ዙረትና ታንጀንትን ተማርን። ሁለቱ እንደሚገናኙ የነገረን ግን እምብዛም አልነበረም። ሳይንስ ለፈተና ተጠንቶ የሚረሳ የሚሆነውም አንድም በዚህ ነው።

መንደር ውስጥ መስጂድ ሲሠራ የሚነሳውን ጥያቄ እንውሰድ፦ ቂብላው በትክክል የት ነው? ዛሬ የሚጠየቀው ስልክ ነው። የስልክ ኮምፓስ ግን ብረት አጠገብ ይስታል፤ ሁለት ስልክ ሁለት አቅጣጫ ሲያሳይ ጭቅጭቅ ይነሳል።

የተሻለ ዳኛ ፀሐይ ናት። በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ እስከ 23.4 ዲግሪ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትመላለሳለች። መካ 21.4 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ ስትሄድ አንዴ፣ ስትመለስ አንዴ በካዕባ አናት ላይ ታልፋለች፦ ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6፡18 ላይ፣ እንዲሁም ሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6፡27 ላይ። የመካና የአገራችን ሰዓት አንድ ነው። በዚያች ደቂቃ ወደ ፀሐይ የዞረ ወደ ካዕባ ዞሯል። ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ ይህን ዘዴ በ13ኛው ክፍለ ዘመን «አት-ተዝኪራ» በተሰኘው መጽሐፋቸው አስፍረውታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደልዳላ መሬት ላይ የ1 ሜትር ዘንግ እንተክላለን፤ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ እናረጋግጣለን። ሰዓቱ ሲደርስ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር እናሰምራለን። መስመሩ የሚሄድበት አቅጣጫ ቂብላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥላው 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአንድ ደቂቃ መዛነፍ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚያስት ሰዓታችንን አስቀድመን እናስተካክል። ቀኑ ደመና ከሆነ በማግስቱ በዚያው ሰዓት መሞከር ይቻላል።

ውጤቱን በስሌትም ማመሳከር እንችላለን። ከትክክለኛው ሰሜን ተነስተን የአዲስ አበባ ቂብላ 5 ዲግሪ፣ የጅማ 12 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ፣ የሐረር ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። የደሴ ከሰሜን ብዙም አይርቅም።

አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ። ዘንግ ይዘን «ቂብላችሁ ተሳስቷል» ብለን ጀመዓ እንዳንበትን። ከካዕባ ለራቀ ሰጋጅ አቅጣጫውን መያዝ እንደሚበቃ ብዙ ዑለሞች ይናገራሉ፤ ብይኑም የእነሱ ነው። መጀመሪያ ሸኾቻችንን አባቶች ቂብላውን በምን እንደለዩት እንጠይቅ። ከዚያ ዘንጉን እነሱ ይትከሉ፣ ጥላውን የመድረሳ ልጆች ይለኩ። ያ ልጅ ነገ ክፍል ውስጥ ታንጀንት ሲማር ለምን እንደሚማር ያውቃል።

በግንቦት እዚሁ እንለማመድ። ለሐምሌው ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ኢንሻአላህ ከመንደራችን ሰው ጋር እንሞክረው። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።