ቤት የሚሰጥ፣ ቤት የሚነሳ ማኅበር

ሞስኮ አጠገብ፣ በጥድ ዛፎች መካከል ፔሬዴልኪኖ የምትባል የደራሲዎች መንደር አለች። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የእንጨት ቤቶቿ የደራሲዎቹ ንብረት አልነበሩም። ባለቤቱ የሶቪየት ደራሲያን ማኅበር የገንዘብ ክንድ የሆነው «ሊትፎንድ» ነበር፤ ይሰጥ ነበር፣ ይነሳም ነበር። የማኅበሩን ጉልበት ማወቅ የፈለገ ሰው ከሳንሱር ቢሮው ይልቅ ከዚህች መንደር ቢጀምር ይሻለዋል።

ማኅበሩን ደራሲዎች አልመሠረቱትም። በኤፕሪል 1932 የኮሙኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ የነበሩትን የሥነ ጽሑፍ ቡድኖች በሙሉ አፍርሶ በአንድ ማኅበር እንዲተኩ ወሰነ። ከፈረሱት አንዱ «ራፕ» የተባለው የወዛደር ደራሲያን ማኅበር ነበር። ይህ ቡድን ያልመሰለውን ሁሉ በጠላትነት እየፈረጀ ሲያሳድድ ስለቆየ፣ ብዙ ደራሲዎች ውሳኔውን በእልልታ ተቀበሉት። ከትንንሾቹ አለቆች ተገላገልን ብለው ነው፤ ትልቁ አለቃ ገና መምጣቱ ነበር።

በኦገስት 1934 የመጀመሪያው ጉባኤ ሞስኮ ላይ ሲከፈት በሰብሳቢነት የተቀመጠው ማክሲም ጎርኪ ነበር፤ የ«እናት» ደራሲ። ጉባኤው ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያ የወጣው መመሪያ «ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት» ይባላል። በአጭሩ፣ ደራሲው ሕይወትን ዛሬ እንዳለች ሳይሆን ወደ ሶሻሊዝም ስትገሰግስ ያሳይ ማለት ነው። በዚያ መድረክ ደራሲው አይዛክ ባቤል ብዙ አለመጻፉን ሲያስረዳ፣ በዝምታ ሙያ እንደተካነ ቀልዶ ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ። በሜይ 1939 ባቤልን ከፔሬዴልኪኖ ቤቱ ወሰዱት፤ በጃንዋሪ 1940 ተረሸነ።

እስርና ግድያ ግን የማኅበሩ የዕለት ሥራ አልነበረም፤ ለዚያ ሌላ መሥሪያ ቤት ነበረ። የማኅበሩ ሥራ መስጠት ነበር። አባል የሆነ መኖሪያ ቤት፣ ብድር፣ ሕክምና፣ ተቀምጦ የሚጽፍበት ማረፊያና የማሳተም ዕድል ያገኝ ነበር። ሚካኢል ቡልጋኮቭ «ማስተርና ማርጋሪታ» በተባለው ልቦለዱ የሳቀባቸው የደራሲ ማኅበርተኞች ከግጥም ይልቅ ምግብ ቤቱና የበጋ ቤቱ የሚያስጨንቃቸው በከንቱ አይደለም። መጽሐፉ ግን ደራሲው ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ ነው መታተም የጀመረው፤ ያውም ተቆራርጦ።

የሚሰጥ እጅ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን በ1946 ታየ። ገጣሚዋ አና አኽማቶቫና ቀልደኛው ሚካኢል ዞሽቼንኮ በፓርቲው ውሳኔ ተወገዙና ከማኅበሩ ተባረሩ። ከጦርነቱ በኋላ ዳቦ በካርድ በሚታደልበት ወቅት ካርዳቸው ተነጠቀ። አኽማቶቫ በ1951 ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው፣ ልጇ ሌቭ ዳግም ከታሰረ በኋላ ስታሊንን የሚያወድሱ ግጥሞች አሳትማ ነው። በዚህ ሊፈርድባት የሚደፍር፣ በእሷ ቦታ ልጁ ታስሮበት የሚያውቅ ብቻ ይሁን።

የገጣሚው ቦሪስ ፓስተርናክ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው በባልደረቦቹ እጅ ስለተፈጸመ ነው። ልቦለዱ «ዶክተር ዢቫጎ» አገር ውስጥ ተከልክሎ በ1957 ጣልያን ታተመ፤ ፓስተርናክ በኦክቶበር 1958 ኖቤል ተሸለመ። በአራት ቀን ውስጥ ማኅበሩ አባረረው። ሽልማቱን አልቀበልም ካለ በኋላ እንኳ የሞስኮ ደራሲዎች ተሰብስበው ዜግነቱ እንዲገፈፍ ጠየቁ። አብዛኞቹ ልቦለዱን አላነበቡትም፤ ከየት አግኝተው ያነባሉ? መጽሐፉን ሳያዩ እጃቸውን ያወጡ ሰዎች ለሩሲያውያን እስከ ዛሬ መተረቻ ናቸው።

አባል ያልሆነ ሰውስ? ጆሴፍ ብሮድስኪ በ1964 ሌኒንግራድ ፍርድ ቤት የቀረበው «ሥራ ፈት» ተብሎ ነው። ግጥም መጻፍና መተርጎም፣ ያለ ማኅበሩ ወረቀት ሥራ አይባልም ነበር። ዳኛዋ ከገጣሚዎች ተርታ ያስመዘገበው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። አምስት ዓመት በግዞት የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። እዚህ ላይ ለማኅበሩ አባላት ሁሉ አንድ ስም መስጠት እንደማይገባ ይታያል፤ ቹኮቭስኪና ማርሻክን የመሳሰሉ አንጋፋዎች ተሟገቱለት፣ ደራሲዋ ፍሪዳ ቪግዶሮቫም ችሎቱን በማስታወሻዋ መዝግባ ለዓለም አደረሰችው። ብሮድስኪ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ተፈታ።

አለቆቹም ቢሆኑ አላመለጡም። ማኅበሩን ከ1946 እስከ 1954 የመራው አሌክሳንደር ፋዴዬቭ በሜይ 1956 ፔሬዴልኪኖ ውስጥ ራሱን ገደለ። ለማዕከላዊ ኮሚቴው የተወው ደብዳቤ የፓርቲው መሪዎች ሥነ ጽሑፍን እንዳጠፉት ይከስሳል፤ እስከ 1990 ተደብቆ ቆየ።

ፓስተርናክ ከማኅበሩ ቢባረርም ከሊትፎንድ አልተሰረዘም ነበርና እስከ ሞቱ ድረስ እዚያው መንደር ኖረ። በሜይ 1960 ሲሞት በጋዜጣ የወጣችው አጭር ማስታወቂያም ታላቁን ገጣሚ የገለጸችው በሊትፎንድ አባልነቱ ነው። ማኅበሩ ያባረረበትን ውሳኔ የሻረው በ1987 ሲሆን፣ «ዶክተር ዢቫጎ» በአገሩ መጽሔት ላይ የወጣው በተከታዩ ዓመት ነው።