የራሳችንን ፎንት በስልክ ፕሮግራም ውስጥ ስንጠቀም

ጎንደር የሚገኙ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለልጆች አገልግሎት የሚሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ጨዋታ ለስልክ ሠርተው ነበር። በራሳቸው ስልክ ላይ ሲታይ ያምራል። ዳባት ሄደን ልጆች ለሚያስተምሩ አንዲት እናት ስንጭንላቸው ግን ጥያቄውም መልሱም የተደረደሩ ባዶ ሣጥኖች ሆነው ቀረቡ። ስልካቸው ብዙ ዓመት ያገለገለ ነው። እኚህ እናት መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና፣ «መጋቢ፣ ይህ የየት አገር ጽሑፍ ነው?» አሉኝ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እየጠየቅሁ የተረዳሁትን፣ በየአጥቢያው እንዲህ ያለ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ይጠቅም ይሆናል ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ስልክ ፊደልን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል፣ ቁጥሮቻችንንና ሥርዓተ ነጥቦቻችንን ጨምሮ፣ 345 ምልክቶችን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በ4.1 እትም ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለሜኤን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ የሚባሉት የዜማ ምልክቶች እንኳ ሳይቀሩ አብረው ገብተዋል። ቁጥሩ «ይህ ሀ ነው» ይላል እንጂ ሀ ምን እንደሚመስል አይናገርም። መልኩን የሚሰጠው ፎንቱ ነው። ቁጥሩ ደርሶ መልክ የሚሰጠው ፎንት ከታጣ ስልኩ ባዶ ሣጥን ያስቀምጣል። ባለሙያዎች ይህን ሣጥን በአኩሪ አተር አይብ ስም «ቶፉ» ይሉታል፤ ጉግል ያዘጋጀው «ኖቶ» የተባለው የፎንት ቤተሰብም ስሙን ያገኘው «ቶፉ የለም» ከማለት ነው።

የእኛ ልጆች ጨዋታ ፊደሉን የሚበደረው ከስልኩ ነበር። አበዳሪው ከሌለው ምን ይደረጋል? መፍትሔው ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ማሸግ ነው። ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ማድረግም ይቻላል፤ እኔ ግን ለአገራችን ሁኔታ አልመክረውም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያም በፊት ቢሆን በደጋው ያለ ወንድም ፕሮግራም የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛው ስልክ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ነው። ፎንቱ አብሮ ከታሸገ አብሮ ይሄዳል። አንድ የአማርኛ ፎንት ፋይል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት ስለማይበልጥ ሸክሙ ያን ያህል አይደለም።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሌላ ስሕተት ላይ ወደቁ። የብራና ጽሕፈት የሚመስል ያማረ ፎንት አግኝተው አስገቡ። ሲከፈት ግን «ቷ»ና «ሟ» ከሌሎቹ ተለይተው ቀጠን ብለው ቆሙ፤ የምዕራፍ ቁጥር ያደረጓቸው ፲፪ እና ፳፫ም እንዲሁ። ፎንቱ እነዚህ ስለሌሉት ስልኩ ከራሱ እየተበደረ ይሞላ ነበር። ስለዚህ ፎንት ስትመርጡ «ሰላም ለዓለም» ብላችሁ ጽፋችሁ አትርኩ፤ ከሀ እስከ ፐ፣ ዲቃሎቹን፣ ነጥቦቹን፣ እስከ ፼ ድረስ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ እዩ። በጎንደር ዘመን የተጻፉት የብራና መጻሕፍት ጉልህ ፊደል ማማሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው ለሰፊ ገጽ ነው እንጂ መዳፍ ለሚያህል ስክሪን አይደለም። የእኛ ፊደል ካዕቡን ከሣልሱ፣ ኀምሱን ከሳድሱ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ወይም ቀለበት ነው። ፊደሉ አንሶ ወይም ያለ ልክ ወፍሮ ያቺ ቅጥያ ከተዋጠች አንባቢው ይገምታል እንጂ አያነብም።

ጨዋታ በዩኒቲ የምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴክስትሜሽፕሮ የተባለው የጽሑፍ መሣሪያው ይዞት የሚመጣው ፎንት የእኛ ፊደል የለውም። የአማርኛ ፎንት አስገብታችሁ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን የዩኒኮድ ክልል ምረጡና የፎንት ፋይሉን እንዲያዘጋጅ አድርጉ።

ዕድሜያቸው ከእኔ ጋር የሚቀራረብ አገልጋዮች የቪዥዋል ግዕዝንና የፓወር ግዕዝን ዘመን አይረሱትም። የጉባኤ ፕሮግራም በፍሎፒ ይዘን ማተሚያ ቤት ስንሄድ፣ ፎንቱ እዚያ ከሌለ ያ ሁሉ አማርኛ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆንብን ነበር። ምክንያቱም እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የአማርኛ መልክ ያለበሱ ነበሩ። የድሮ ጽሑፍና የድሮ ፎንት አንድ ላይ አሽጎ ፕሮግራም መሥራት ዛሬም ይቻላል፤ በስክሪን ላይም ደህና ይታያል። ነገር ግን አንባቢው አንድ ጥቅስ ቀድቶ በቴሌግራም ለወዳጁ ሲልክ ላቲኑ ይወጣል፤ በአማርኛ ቃል ጽፎ ቢፈልግም አያገኝም። የድሮ ጽሑፍ ያላችሁ አስቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት።

አሁን ወደ ፈቃዱ ጉዳይ ልምጣ፤ ይህን እንደ አገልጋይ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ከወጣቶቻችን አንዱ፣ «መጋቢ፣ ኒያላን ከኮምፒውተሬ ገልብጬ ላስገባው?» ሲል ጠየቀኝ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው። በኮምፒውተራችን ላይ ለመጻፍ ተፈቅዶልናል፤ ያለ ፈቃድ ፋይሉን በፕሮግራማችን ውስጥ አሽገን ማከፋፈል ግን አልተፈቀደልንም። «ለወንጌል ሥራ እኮ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃም፤ «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ በምናስጠናበት ጨዋታ ውስጥ የሰው ሥራ ሳያስፈቅዱ ማስገባት ምን ይባላል? ደግሞም ችግር የለብንም፤ በነፃ የተሰጡ አሉ። ኤስ.አይ.ኤል. ያዘጋጀው አቢሲኒካና ኖቶ «ኦፕን ፎንት ላይሰንስ» በተባለው ፈቃድ የወጡ ናቸው። በሚሸጥ ፕሮግራም ውስጥ እንኳ ማሸግ ይቻላል። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ክልክል ነው፤ የፈቃዱ ጽሑፍም አብሮ መሄድ አለበት። ሌላ የአገራችን ሰው የሠራው ፎንት ከወደዳችሁ ደግሞ ጻፉለትና ጠይቁት፤ ከሦስት መቶ በላይ ፊደል አንድ በአንድ መሣል ስንት ሌሊት እንደሚወስድ አስቡ።

ልጆቹ ኖቶን አሽገው ጨዋታውን እንደ ገና አዘጋጁ። ይዘነው ወደ ዳባት ስንመለስ እኚያ እናት የመጀመሪያውን ጥያቄ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ መልሱንም ሳይሳሳቱ ነኩ። ከዚያም ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ፊደሉን ጥቂት ከፍ አታደርጉልኝም?» አሉ። በዚህ ሳምንት የፊደል መጠን መቀየሪያውን እየሠሩበት ነው።