ትንሿ ሎደርና ትልቁ ገልባጭ

የሲኖ ገልባጭ የካሶኒ ጠርዝ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ይርቃል። ወለሉ ብቻውን የሰው ደረት ላይ ይደርሳል፤ በላዩ የቆመው የብረት ስፖንዳ ሌላ 1 ሜትር ተኩል ይጨምርበታል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ አሸዋና ገረጋንቲ በአካፋ የሚጭን ወጣት የሚታገለው ከዚህ ከፍታ ጋር ነው። አንድ አካፋ አሸዋ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። 16 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ካሶኒ ሲሞላ ጭነቱ 25 ቶን ገደማ ይሆናል። አንድ ቢያጆ አሸዋ ማለት እንግዲህ ከ5,000 በላይ ውርወራ ነው። ለ6 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 900 ያህል ይደርሰዋል። ክምሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ውርወራው ይረዝማል፤ ጉልበት ባለቀበት ሰዓት ሥራው ይብሳል። በወጣትነት ወገባቸው የጎበጠ ጫኞችን ያየ ሰው ይህን ስሌት ለማመን አይቸገርም።

መፍትሔው ትልቅ ሎደር ነው የሚል ካለ አልተሳሳተም። የመንገድ ተቋራጮች የሚያሰማሩት የተለመደው ባለጎማ ሎደር 17 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ባኬቱ 3 ሜትር ኪዩብ ይዝቃል፤ ሲኖውን በ6 ባኬት ሞልቶ ያሰናብተዋል። ችግሩ እሱን ማግኘቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በሎቤድ ተጭኖ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ከሆነ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ ከዚያም ወደ ቢቸና መታጠፍ አለበት። መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ይህን ሁሉ ወጪ ይችለዋል፤ ሥራው ለወራት ይቆያልና። በሳምንት ጥቂት ቢያጆ ለሚሸጥ የወጣቶች ማኅበር ግን የሎቤዱ ኪራይ ብቻውን የወር ገቢውን ይውጠዋል።

ከሁለቱ መካከል፣ ከአካፋውና ከ17 ቶኑ ሎደር መካከል ማለት ነው፣ ሌላ ማሽን አለ። ትንሽ ትራክተር ናት፤ ጉልበቷ ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከ2 ቶን የማይርቅ፣ ፊቷ ላይ ሁለት የብረት ክንዶችና ባኬት የተገጠመላት። ሞተሩ የሃይድሮሊክ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን ገፍቶ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። በክንዶቹ ሥር ያሉት ሲሊንደሮች ያነሳሉ፤ ከፊት ያሉት ባኬቱን ይደፋሉ፣ ይመልሳሉ። ኦፕሬተሩ በቀኝ እጁ አንድ ማንሻ ይዞ ሁሉንም ያዛል። ክንዶቹ ሲፈቱ ደግሞ ያቺው ትራክተር ማረሻ ትጎትታለች፣ ተጎታች ትስባለች። ጤፍ በሚበቅልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በበጋ ካባ ላይ የዋለች ማሽን ሰኔ ሲገባ እርሻ ላይ ትውላለች።

አነስተኛ ሎደር ከመጀመሪያው የተፈለገው ትልቁ ማሽን የማይገባበት ቦታ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሲረል እና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዲት ባለሦስት ጎማ ሎደር ሠሩ። ያሠራቸው የቱርክ ዶሮ አርቢ ነበር፤ በረቱ ውስጥ በምሰሶዎች መካከል እየተሽከረከረች ፍግ የምታወጣለት ማሽን ፈልጎ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ቦብካት እየተባለች የምትታወቀው ማሽን የዘር ሐረጓ ከዚያች ይመዘዛል። በእንግሊዝ ደግሞ ጄሲቢ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 በአንድ ትራክተር ላይ ከፊት ባኬት፣ ከኋላ መቆፈሪያ ክንድ ገጥሞ አወጣ። አንዷ ከገበሬ በረት፣ ሌላዋ ከገበሬ ትራክተር ተነሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ትንሿ ሎደር ሲኖን መጫን ትችላለች?

ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ አትችልም። የሻጩ ወረቀት ላይ “የማንሻ ከፍታ 2.4 ሜትር” የሚል ይገኛል። ይህ ቁጥር ገዢውን ያሳስታል፤ የሚለካው ባኬቱ ከክንዱ ጋር የሚያያዝበት ፒን እስከሚደርስበት ድረስ ነውና። አሸዋው የሚወርደው ግን ባኬቱ ወደፊት ሲደፋ ነው፤ በዚያን ጊዜ የባኬቱ ከንፈር ከፒኑ በታች ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በእውነት የሚተርፈው ከፍታ 1.9 ሜትር ገደማ ነው። የሲኖው ጠርዝ 3 ሜትር ላይ ስለሆነ 1 ሜትር ከ10 ይጎድላል። ማሽኗ ላይ ምንም ቢጨመር ይህን ጉድለት አይሞላም። ክንዱን በብየዳ ማስረዘም የሚሞክሩ አሉ፤ አደገኛ ነው። ክንዱ በረዘመ መጠን የማንሳት አቅሟ ይቀንሳል፤ የፊት አክስሏም ከተሠራበት በላይ ይጫናል።

መስተካከል ያለበት መሬቱ ነው። ወይ ትራክተሯ ከፍ ትበል፣ ወይ ሲኖው ዝቅ ይበል። ምሥራቅ ጎጃም ለዚህ የተመቸ አገር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጮቄ ተራራ የሚነሱት እነ ሱሃ፣ እነ ሙጋና ሌሎቹም ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ አገሩን ሸንሽነውታል፤ ሜዳው ላይ ጥቂት ከተጓዙ አንድ ጠርዝ፣ አንድ ቁልቁለት ይገኛል። ካባው ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠርዝ ላይ ነው። ቁሱ በላይኛው ደረጃ ከተከመረና ሲኖው በታችኛው ደረጃ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ከቆመ፣ ትራክተሯ አንድም መወጣጫ ሳያስፈልጋት ከላይ ሆና ትደፋለች። ግድግዳው ከ1 ሜትር ተኩል ያላነሰ ከፍታ ይበቃዋል።

ተፈጥሯዊ ጠርዝ በሌለበት መወጣጫ ይሠራል። 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ላለው መድረክ 9 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ቢበጅለት ትራክተሯ ጭነት ይዛ ያለ ጭንቀት ትወጣዋለች። ከዚያ ካጠረ ጎማዋ ይንሸራተታል፣ ሞተሯም ያቃስታል። ሲኖው በሚጠጋበት በኩል ያለው ፊት በደረቅ ድንጋይ ካብ ወይም በጋቢዮን ይደገፍ። ጠርዙ ላይ ወፍራም ግንድ በአግድም ይታሰር፤ ኦፕሬተሩ ወደፊት ሲመጣ የፊት ጎማው ግንዱን ሲነካ ይቆማል። ያለዚህ ግንድ ሥራ መጀመር የለበትም። ባኬቱ ከፍ ሲል ኦፕሬተሩ የፊት ጎማውን አያይም፤ የሚያየው ባኬቱን ነው።

መወጣጫው ከምን ይሠራ? እዚህ ላይ የአካባቢው አፈር የራሱ ጠባይ አለው። የቢቸና ዙሪያ ሜዳ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። ዋልካ ለጤፍ ጥሩ ነው፤ ለመወጣጫ ግን ጠላት ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከጎማ ጋር ይጣበቃል። የመንገድ መሐንዲሶች ዋልካን ቆፍረው አውጥተው በገረጋንቲ የሚተኩት ለዚህ ነው። የጫኞቹም መወጣጫ በዚሁ ሥርዓት ይሠራ፤ ዋልካው ይነሳ፣ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየተነጠፈና እየተረገጠ ይሞላ። በዋልካ የተሠራ መድረክ ግንቦት ላይ ደህና ይመስላል፤ ሐምሌ ላይ ትራክተር ይዞ ይናዳል።

አጫጫኑ ራሱ እንዲህ ነው። ትራክተሯ ክምሩን በዝቅተኛ ማርሽ ትገፋለች፤ ባኬቱ ሲሞላ ኦፕሬተሩ ወደ ኋላ አዘንብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ባኬቱ ከመሬት ስንዝር ሁለት ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ ይጓዛል። ወደ ላይ የሚነሳው ከሲኖው አጠገብ ከተደረሰ በኋላ ነው። ባኬት ሰቅሎ መዞር ትንሽ ትራክተርን በጎኗ የሚጥል ስሕተት ነው፤ 400 ኪሎ አሸዋ ከጭንቅላት በላይ ሲሆን ትንሽ ጉድጓድ ይበቃዋል። ከኋላዋም ማመዛዘኛ ክብደት ያስፈልጋታል። ድንጋይ የሞላ የብረት ሳጥን ከኋላ ማንሻዋ ላይ ይንጠለጠልላት፤ ያለዚያ የኋላ ጎማዎቿ መሬቱን ይለቃሉ፣ ፍሬኑም አብሮ ይከዳል። ስትደፋም ቢሆን ቁሱ እርጥብ ከሆነ በአንዴ አይወርድም። ኦፕሬተሩ ማንሻውን አጭር አጭር እያደረገ ባኬቱን ያራግፋል፤ ባኬቱ ጀርባ ላይ የቀረውን ጭቃ አንድ ሰው በየጊዜው በአካፋ ይፍቃል። ካልተፋቀ በየዙሩ ሩብ ያህሉ ተመልሶ ይወርዳል።

የባኬቷ ይዞታ ሩብ ሜትር ኪዩብ ከሆነ 16 ሜትር ኪዩብ ለመሙላት 64 ዙር ያስፈልጋል። አንዱ ዙር 1 ደቂቃ ወይም 1 ደቂቃ ተኩል ቢወስድ ሲኖው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይሞላል። ለትልቅ ተቋራጭ ይህ ዘገምተኛ ነው። ለማኅበር ግን ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ማሽንና በጥቂት ሊትር ናፍጣ መጨረስ ነው።

አንድ ሌላ ችግር አለ፤ ሹፌሮች ቶሎ ይገባቸዋል። የትንሿ ሎደር ክንድ አጭር ስለሆነ አሸዋው የሚወድቀው በቅርቡ ስፖንዳ ጥግ ነው። ሲኖው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተሞላ ጭነቱ ያጋድላል። አንድ ወገን የከበደበት ገልባጭ መንገድ ላይ ቢተርፍ እንኳ ሲያራግፍ ካሶኒው ወደ ሰማይ በወጣበት ሰዓት ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ግማሹ ሲሞላ ሲኖው ዞሮ በሌላ ጎኑ ይጠጋ። በእያንዳንዱ ጎንም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደፊት ፈቀቅ እያለ ጭነቱ ከፊት እስከ ኋላ ይዳረስ።

የባኬት ቁጥር መያዝ ደግሞ ሰው የማያስበው ጥቅም አለው፤ መኪናው ከመጠን በላይ እንዳይጫን ይረዳል። 16 ሜትር ኪዩብ አሸዋ ከመኪናው ክብደት ጋር ከ37 ቶን በላይ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ በሦስት አክስል ላይ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ባደረጉት ትልቅ የመንገድ ሙከራ የታወቀው ነገር፣ የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚያድግ ነው። ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ ስንት ዘመን ስንጠብቀው እንደኖርን የአካባቢው ሰው ያውቃል። በትልቁ ሎደር አንድ ባኬት ቢጨመር 5 ቶን ነው፤ በትንሿ ግን 400 ኪሎ። የሚገባውን ያህል ጭኖ “በቃ” ማለት ለትንሿ ይቀላል፤ ቢባልም ይገባል።

ትንሿ ሎደር የማትሆንበትም ሥራ አለ። የደጋው ድንጋይ ጥቁርና ከባድ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ ያልተፈረከሰ ጥቁር ድንጋይ 3 ቶን ሊጠጋ ይችላል። ለግንብ የሚሆነውን ትልቅ ድንጋይ በባኬቷ ጫፍ ፈንቅላ ለማንሳት የምትታገል ትራክተር ብዙ ሳትቆይ የፊት አክስሏ ይሰበራል። ድንጋዩ ከከፍታ ሲወረወርም ካሶኒውን ያጎብጣል። የግንብ ድንጋይ አሁንም የሰው እጅ ይፈልጋል። የእሷ ድርሻ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ገረጋንቲና አፈር ነው። ማሽን ጨርሶ የማይደርስበት ቦታም አለ፤ ከሞጣ ወደ ዓባይ ተወርዶ የሚገኘው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጠገን ቁሳቁሱ የወረደው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነበር።

የሚቀረው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። ማሽኗን አንድ ባለሀብት ገዝቶ ካባው ላይ ቢያቆማት ጫኞቹ ከወገብ ሕመም ይድናሉ፤ ከእንጀራቸውም አብረው ይለያያሉ። ስለዚህ ትንሿ ሎደር መግባት ያለባት በጫኞቹ ማኅበር ስም ነው ብዬ አምናለሁ። አቅሙ እንዴት ይገኛል ለሚል፣ በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ የተቋቋመው ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ማሽን በኪራይ ግዢ ለማቅረብ ነው፤ የኢትዮጵያ ልማት ባንክም የማሽን ሊዝ አለው። ከማኅበሩ አንዱ ኦፕሬተር፣ ሌላው የግሪስና የዘይት ኃላፊ፣ ሌሎቹ መወጣጫ ጠባቂና ድንጋይ ጫኝ ሆነው ሥራው ይቀጥላል። ፒኖቹ በየቀኑ ግሪስ ይጠጡ፤ የአየር ማጣሪያው በካባ አቧራ ስለሚታፈን በየቀኑ ይታይ።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት። ትራክተሯን አስነስቶ ባኬቱን እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርግና ይድፋው። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ከመሬት እስከ ባኬቱ ከንፈር ለኩ። ያንን ከምትጭኑት ሲኖ የስፖንዳ ጠርዝ ከመሬት ካለው ከፍታ ላይ ቀንሱ፤ ለመተንፈሻ 30 ሳንቲሜትር ጨምሩበት። የመወጣጫችሁ ከፍታ እሱ ነው።