የመኪና ቦዲ በጉዞ ላይ ለምን ተላቆ ይወድቃል?

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲያችን መድረክ ያቀረብሁት ገለጻ



በጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁት ጠማማ ብረት የራሴ መኪና የኮፈን ማጠፊያ ነው። የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት በእርሱ ምክንያት ስለ ሆነ ታሪኩን ላስቀድም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፈተና ግምገማ ወደ አዳማ ስጓዝ ነበር። መኪናዬ ከአንድ ጋራዥ የወጣችው በዋዜማው ነው። ከቃሊቲ ጀምሮ ኮፈኑ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ኳ፣ ኳ ሲል እሰማለሁ። ሰማሁ እንጂ አልቆምሁም፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። ይህን ያደረገው ሰው ለብዙ ዓመታት የማሽን ክፍሎች ንድፍ ያስተማረ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የፍጥነት መንገዱን ይዤ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስቃረብ ኳኳታው ጠፋ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ ድምፁ የጠፋው ነፋሱ ኮፈኑን ወደ ላይ ወጥሮ ስለ ያዘው ኖሯል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ኮፈኑ ተገልብጦ የፊት መስተዋቱን ሸፈነው፤ ዓይኔ ያየው የላሜራውን የውስጥ ገጽ ብቻ ነበር። እግሬ በደመ ነፍስ ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላዬ ይከተለኝ የነበረ ሰው የጫነ ሚኒባስ ጎማው እየጮኸ በግራዬ በኩል ለጥቂት አለፈኝ። ሾፌሩ በመስኮት የተናገረኝን እዚህ አልደግመውም፤ ነገር ግን እውነቱን ነበር።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አየር በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። በከተማ ውስጥ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትሄድ መኪና በፍጥነት መንገድ ላይ 120 ስትደርስ ፍጥነቷ ሦስት እጥፍ፣ የነፋሱ ኃይል ግን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በአዲስ አበባ መንገዶች ወራትን ችሎ የከረመ አካል አዳማ ሳይደርስ የሚወድቀው ስለዚህ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር የአየራችን ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ይህ ጥቂት ይጠቅመናል፣ አያድነንም። ስፋቱ 1.2 ካሬ ሜትር የሆነ ኮፈን በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተነሥቶ በነፋስ ፊት ቢቆም፣ በእኛ ከፍታ ወደ 480 ኒውተን ኃይል ያርፍበታል። ይህም የግማሽ ኩንታል ጤፍ ክብደት ያህል ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ የዚያ ሩብ ብቻ በሆነ ነበር።

ኮፈን ተዘግቶም ቢሆን ወደ ላይ ይገፋል። በፊት ጠርዙ ላይ የሚታጠፈው አየር ስለሚፈጥን ከላይ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል፤ በራዲያተሩ በኩል የሚገባው አየር ደግሞ ከሥር ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ መቆለፊያው መኪናዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሥራ ላይ ነው። ሁለተኛው መንጠቆ፣ ማለትም ኮፈን ስንከፍት በጣታችን ፈልገን የምንገፋው፣ የተሠራው ዋናው መቆለፊያ ቢከዳ እንዲይዝ ነው። ከፊት ለሚከፈትና የሾፌሩን እይታ ሊጋርድ ለሚችል ኮፈን የአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ሁለተኛ መያዣ ያስገድዳል። በእኔ መኪና ላይ ይህ መንጠቆ ነበረ፤ ግን አቧራና የደረቀ ግሪስ ስላጣበቀው ሞላው ሙሉ በሙሉ ሊመልሰው አልቻለም። በከፊል ብቻ ይዞ ቆይቶ ሾለከ።

ከዚህ በላይ ልታስታውሱት የምፈልገው ጉዳይ ግን ይህ ነው፦ የትኛው ጠርዝ ቀድሞ ተላቀቀ? አንድ ወረቀት ያዙ። ወደ አፋችሁ የቀረበውን ጠርዝ ይዛችሁ ብትነፉ ወረቀቱ በነፋሱ አቅጣጫ ተዘርግቶ ይርገበገባል። የራቀውን ጠርዝ ይዛችሁ የቀረበውን ነጻ ብትለቁት ግን ተገልብጦ ይቀለበሳል። የፊት ጠርዙ የተላቀቀ አካል ጥቂት በተነሣ ቁጥር ብዙ ነፋስ ይይዛል፤ ብዙ ነፋስ በያዘ ቁጥር ይበልጥ ይነሣል። ሂደቱ ራሱን ይመግባል እንጂ በመካከል አይቆምም። የኋላ ጠርዙ የተላቀቀ ግን ይንኳኳል፣ ይረብሻል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ነፋሱ ራሱ መልሶ ይደፋዋል። የመኪና አምራቾች ይህን በሮች ላይ ተምረውታል። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣችው ፊያት 500 በሮቿ ከኋላ የተንጠለጠሉና ወደ ነፋሱ የሚከፈቱ ነበሩ፤ ከ1965 ጀምሮ ግን ማጠፊያው ወደ ፊት ተዛወረ።

በዚሁ መለኪያ ሌሎቹን አካላት መመርመር ትችላላችሁ። ከሞተር ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን የፊት ክሊፖቹ ሲረግፉ እንደ አካፋ አየር ይዝቃል፤ ከዚያ የቀሩትን በአንድ ጊዜ ይነቅላል። ከፓራፋንጎ ውስጥ ያለው ሽፋን ቢላቀቅ ጎማው ይይዘዋል፤ መሪ በምትጠመዝዙበት ጊዜ የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ የዚህ ምልክት ነው። ባምፐር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምርና መሬት ይጎትታል።

ብሎኑ ለምን ይላላል? ብዙዎቻችሁ ንዝረት ያላላዋል ትሉኛላችሁ፤ መልሱ ትክክል ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ሞላ ጥቂት ይለጠጣል። ያ መለጠጥ ሁለቱን ላሜራዎች ይጨምቃል፤ ሰበቃው የሚገኘውም ከጭምቀቱ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ብሎንን በብርቱ የሚያላላው በቁመቱ የሚመጣው ንዝረት ሳይሆን ላሜራዎቹን እርስ በርሳቸው ወደ ጎን የሚያንሸራትተው ነው። መንሸራተት ከተጀመረ ሰበቃው ይሸነፋል፣ ብሎኑም በራሱ ይዞራል። ባለ ሞላ ራንዴላ በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሚሰጠው ጥቅም ከምናስበው እጅግ ያነሰ ነው። ናይሎን ያለው ዳዶ ጭምቀቱን ባይጠብቅም ቢያንስ ወልቆ ከመውደቅ ይከላከላል።

እዚህ ላይ ለባትላሜራ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልናገር፤ ቅሬታ አይደለም። ከወፍራም ቀለም ወይም ከስቱኮ ላይ የታሰረ ብሎን ቀለሙ በጭምቀቱ ሥር ቀስ በቀስ ስለሚሳሳ ውጥረቱን ያጣል። በሥራው ቀን በትክክል የጠበቀ ብሎን ከሳምንት በኋላ ልል ሆኖ ቢገኝ የማንም ስንፍና ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የብሎኑ መቀመጫ ከስቱኮ ንጹሕ ይሁን፤ ደንበኛውም ከሳምንት በኋላ ተመልሶ እንዲያስጠብቅ ይነገረው። የክሊፕን ጉዳይ ግን በዝምታ አላልፍም። ዐሥር ክሊፕ የነበረውን ሽፋን በአራት መልሶ መግጠም በሁላችንም ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ ተርፈው የሚቀሩት ስድስቱ ትርፍ አልነበሩም።

ከመላቀቁ በፊት አካሉ ይናገራል። ድምፁ ከመንገዱ ጉድጓድ ጋር የሚመጣ ከሆነ የላላ መጋጠሚያ አለ። በለስላሳ መንገድም በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚጀምር ከሆነ ነፋስ የሆነ ጠርዝ አግኝቷል። የእኔ ስሕተት ሦስተኛውን ዓይነት አለማወቄ ነበር፦ በዝግታ የሚንኳኳና በፍጥነት ጸጥ የሚል። ይህን ከሰማችሁ ወዲያው ቀንሱና ዳር ያዙ።

ኮፈን ቢገለበጥባችሁ ፍሬኑን በድንገት አትርገጡ፤ የሚከተላችሁ ሰው ያየውን ገና አልተረዳም። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እግራችሁን ከነዳጁ አንሡ፤ የአደጋ ጊዜ መብራቱን አብሩ። ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ሥር በመስተዋቱ ግርጌ ጠባብ ክፍተት ይኖራል፤ ጎንበስ ብላችሁ በዚያ እዩ፣ ካልሆነም በጎን መስኮት የመንገዱን መስመር ተከተሉ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ቀኝ ዳር ውጡ።

ተላቆ ወደ መንገዱ የወደቀው ነገር የሌላ ሰው አደጋ ሆኗል። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚመጣ መኪና በሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሾፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 42 ሜትር አልፏል። ይህ ስሌት በእግሩ ሮጦ ባምፐሩን ለማንሣት ለሚገባውም ሰው ይሠራል። በፍጥነት መንገድ ላይ ወደ መንገዱ አትግቡ፤ ከአጥሩ ወዲያ ቆማችሁ ለመንገዱ ጠባቂዎች ወይም ለትራፊክ ፖሊስ ደውሉ።

ከፊት የተቀመጠው ተማሪ ሽቦ አይበቃም ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ወደ ቅርቡ ጋራዥ ለመድረስ ይበቃል፤ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ መጀመሪያ የሚታሰረው የፊት ጠርዝ ይሁን። ሁለተኛ፣ ፍጥነታችሁ ከ40 አይለፍ። ሽቦ ላሜራውን ይይዛል እንጂ አይጨምቅም፤ ስለዚህ መንሸራተቱ ይቀጥላል፣ ፕላስቲክ ከሆነም እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። የማይታሰር ከሆነ ነቅላችሁ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አስገቡት፤ መኪና ያለ ባምፐር ጋራዥ ትደርሳለች። እኔ በዚያ ቀን ኮፈኑን በሁለት በኩል በሽቦ አስሬ፣ ከአዳማ መውጫ ጀምሮ በዝግታ ሄጄ፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ ደረስሁ። ማጠፊያውን ቀርባችሁ እዩት፤ ብረቱ የተሰነጠቀው ከታጠፈበት ቦታ ላይ ሳይሆን ከብሎኑ ቀዳዳ ዳር ነው፣ ስንጥቁም ግማሹ ዝጎ የቆየ ነው።