ያውቁ ኖሯል? ከነጩ ዱቄት የሚወጣው ጉድፍ

ደብረ ወርቅ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብተው «ቴፍሎን» ቢሉ ባለሱቁ የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ስስ ጥቅልል ያቀብልዎታል። የወጥ ቤት ዕቃ መሸጫው ውስጥ ደግሞ እንቁላል የማይዘው ጥቁር መጥበሻ አለ። ሁለቱም ፍሎሮፖሊመር ከሚባለው ወገን ናቸው። ሲመረቱ አብሯቸው የሚመጣ ጉድፍ አለ። ገዢው በዓይኑ አይለየውም፣ በሳሙና አጥቦም አያስለቅቀውም። መጥራት ያለበት ፋብሪካው ውስጥ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ቴፍሎን የተገኘው መጋቢት 28 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች ከጣልያን ጦር ጋር ይፋለሙ ነበር። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ደግሞ ሮይ ፕለንኬት የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት የጋዝ ሲሊንደር ቢከፍት ምንም አልወጣ አለው። ክብደቱ ግን አልቀነሰም። በመጋዝ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ፣ የሚያሙለጨልጭ ዱቄት ተገኘ።

ወደዚህ ዱቄት፣ ማለትም ወደ ቴፍሎን የተለወጠው ጋዝ ቴትራፍሎሮኤቲሊን ይባላል። የሚገኘው አር-22 የተባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በማጋል ነው። ብቻውን ግን አይወጣም፤ የጨው አሲድና ሌሎች ጋዞች ተቀላቅለውበት ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ፐርፍሎሮአይሶቡቲሊን ነው፤ ከመርዛማነቱ የተነሣ የኬሚካል ጦር መሣሪያን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በቁጥጥር ዝርዝሩ አስገብቶታል። ስለዚህ አሲዱ ይታጠባል፣ እርጥበቱ ይደርቃል፣ ከዚያም ጋዙ በከባድ ቅዝቃዜ ይነጠራል። አረቄ የምታወጣ ሴት ሥራውን ታውቀዋለች፦ እያንዳንዱ ፈሳሽ የሚተንበት የራሱ ሙቀት አለው። የዚህ ጋዝ መፍያ ከዜሮ በታች 76 ዲግሪ ገደማ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጋዙ በማከማቻው ውስጥ ሳለ ራሱን ወደ ፖሊመር (ወደ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) እንዳይለውጥ በብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ ያለው ሊሞኒን ይጨመርበታል። ፖሊመሩ ወደሚሠራበት ጋን ከመግባቱ በፊት ግን ሊሞኒኑም መውጣት አለበት፤ አለዚያ የፖሊመሩ ሰንሰለት ሳያድግ ይቀራል። ኦክስጅን ከገባበት ደግሞ ሊፈነዳ የሚችል ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድፍ እንምጣ። ፖሊመሩ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ ነው፤ ቅንጣቶቹ ተንሳፍፈው እንዲያድጉ ሳሙና መሰል ነገር ያስፈልጋል። ለአሠርት ዓመታት ያገለገለው ፒኤፍኦኤ ነው፤ ስምንት ካርቦን ስላለው ሲ8 ይሉታል። ተፈጥሮ አያፈርሰውም፣ ከሰው ደም ለመውጣትም ዓመታት ይፈጅበታል። ዱቄት ሆኖ ለሚሸጠው ቴፍሎን ማጠብና ማድረቅ አብዛኛውን ያስወግዳል። መጥበሻ የሚለበጥበት ፈሳሽ ግን ይቸግራል፤ ሳሙናውን ካወጡት ቅንጣቶቹ ይረጋሉ። መፍትሔው ፍሎሪን የሌለው ሌላ ሳሙና ጨምሮ ፈሳሹን አዮን በሚለዋውጡ የሙጫ እንክብሎች መካከል ማሳለፍ ሆነ። እንክብሎቹ ፒኤፍኦኤውን ይዘው ያስቀራሉ፤ ከእነሱ ታጥቦ ተመልሶ ሊሠራበትም ይችላል። እኔ ከዚህ ሁሉ ጥበብ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ወንዙንም ከጉድፉ ያድናልና።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚከተል በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ ታይቷል። ከዱፖንት ፋብሪካ የወጣው ሲ8 ወደ ኦሃዮ ወንዝና ወደ መጠጥ ውሃ ገባ። ወደ 69,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበትን ጥናት መረጃ የመረመሩ ሳይንቲስቶች ሲ8 ከስድስት ሕመሞች ጋር ግንኙነት ሳይኖረው እንደማይቀር ደመደሙ፤ የኩላሊትና የቆለጥ ካንሰር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዱፖንትና ከእሱ የተነጠለው ኬሞርስ ኩባንያ በዚህ የተነሣ የቀረቡባቸውን ክሶች በ671 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማሙ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2023 ሲ8ን ሰውን ለካንሰር ከሚዳርጉ ነገሮች ጎራ መደበው።

ያውቁ ኖሯል? በሞጣ አድርገው ባሕር ዳር ሲደርሱ የሚያገኙት ጣና ሐይቅም ለእነዚህ ኬሚካሎች ተመርምሯል። የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች በውሃው፣ በደለሉና በዓሣው ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የተገኘው መጠን ዝቅተኛ ነው፤ ዓሣውን መብላትም በዚህ ረገድ እንደማያሰጋ ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል። የፍሎሮፖሊመር ፋብሪካ በሌለበት ሐይቅ መገኘታቸው ራሱ ግን ምን ያህል እንደተስፋፉ ያሳያል።

ለኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ የሚሠራ የፍሎሮፖሊመር ቧንቧ ደግሞ ሌላ ጥራት ይጠየቃል። በሰንሰለቱ ጫፍ የሚቀሩ ደካማ የአተም ስብስቦች አሲድ እንዳያመነጩ ፖሊመሩ በፍሎሪን ጋዝ ይታከማል።

ያውቁ ኖሯል? በጎመን ዘር የተሟሸ ምጣድ እንጀራ የማይዘው ዘይቱ በሙቀት ወደ ፖሊመርነት ስለሚለወጥ ነው። እናቶቻችን ያለ ፍሎሪን የማይዝ ገጽ ሠርተዋል።

መጥበሻውን ባዶውን እሳት ላይ አይርሱት። ከ260 ዲግሪ በላይ ልባሱ መጎዳት ይጀምራል፤ እጅግ ከጋለ የሚወጣው ጭስ ሰው ላይ ጉንፋን የሚመስል ትኩሳት ያመጣል፣ ቤት ውስጥ ያለች ወፍን ይገድላል።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ በተፈጥሮ የማይፈርሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረውን የስቶክሆልም ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ፒኤፍኦኤ በስምምነቱ እንዲወገዱ ከተዘረዘሩት ጋር የተደመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ዛሬ ብዙ መጥበሻ ላይ «ፒኤፍኦኤ የለውም» የሚል ጽሑፍ ያያሉ። ጽሑፉ የሚናገረው ስለዚያ አንድ ሳሙና ብቻ ነው። እሱን የተካው ጄንኤክስ የተባለው ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2017 በሰሜን ካሮላይና የኬፕ ፊር ወንዝ ውስጥ መገኘቱ ተዘግቧል። ስለዚህ አስመጪው ሲጠየቅ «ፒኤፍኦኤ አለው?» ብቻ አይበቃም፤ በምን ሳሙና ተሠራ፣ ቅሪቱስ ተለክቷል? ማለት ይገባል።