ምላጭ፦ ቅለት የወለደው ግዴታ

በቀጭን ወረቀት ተጠቅልሎ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ተማሪ እርሳስ ይቀርጽበታል፣ ልብስ ሰፊ የተሳሳተ ስፌት ይፈታበታል፣ ፀጉር አስተካካይ ለሁለት ሰብሮ መያዣው ላይ ይሰካዋል። የተሠራው ግን ለአንድ ሥራ ነበር፤ ወንድ ልጅ ጢሙን በገዛ እጁ፣ ባለሙያ ሳያስፈልገው፣ ፊቱንም ሳይተለትል እንዲላጭ። ስለዚህ ዕቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጢም የሌለውን ዘመናዊ ወንድ የፈጠረው እሱ እንደሆነ ነው። ማስረጃው ሲመረመር ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ፋሽኑ ከምላጩ ቀድሞ መንገድ ጀምሮ ነበር። ምላጩ የሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ መላጨትን እጅግ አቀለለው፣ ከቀለለ በኋላም አለመላጨት ምክንያት የሚጠየቅበት ነገር ሆነ። የአንድ ወቅት ምርጫ የነበረው የፊት አያያዝ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሠራዊትና የመሥሪያ ቤት ደንብ እስከ መሆን ደረሰ። የምላጭ ታሪክ ሊታወቅ የሚገባውም በዋናነት ስለዚህ ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው ረጅሙ ታጣፊ ምላጭ ሙያ የሚጠይቅ መሣሪያ ነበር። በድንጋይ መሳል፣ ከዚያም ሊላጩበት ሲሉ ሁሉ በቆዳ ጠፍር ላይ መወልወል ነበረበት። የያዘው እጅ ትንሽ ቢዛነፍ አደጋው ከባድ ነው። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ብዙው ወንድ ጢሙን የሚያስላጨው ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ይህም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። በቀሩት ቀናት ፊቱ ላይ ብቅ ያለው ጢም ማንንም አያስገርምም፤ ሁሉም ሰው እንደዚያው ነበርና። አደጋውን ለመቀነስ የታሰበው ግን ቀደም ብሎ ነው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ስለት ሠሪ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለቱን በእንጨት ከለላ ሸፍኖ ጠርዙ ብቻ ብቅ እንዲል አደረገ፤ ራስን በራስ መላጨትን የሚያስተምር መጽሐፍም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ በኒውዮርክ የካምፕፌ ወንድማማቾች የመቆፈሪያ ቅርጽ ያለው መላጫ የፈጠራ መብት አገኙ። ያም ሆኖ ስለቱ ሲደንዝ ተነቅሎ መሳል ነበረበት። መቁረጡ ቢቀንስም ድካሙ አልቀረም።

ድካሙን ያስቀረው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። በ1855 የተወለደው ይህ ሰው የጠርሙስ ቆርኪ የሚያመርት ድርጅት ተዘዋዋሪ ሻጭ ነበር። ቆርኪ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ይጣላል፣ ገዢውም ተመልሶ ይገዛል፤ ጂሌት እንዲህ ያለ ነገር ሲፈልግ ኖሮ በ1895 ሐሳቡ መጣለት። እንደ ወረቀት ከሳሳ የብረት ጥቅልል ብዙ ምላጭ ቆርጦ ማውጣት፣ በሁለቱም ጠርዝ መሳል፣ ሲደንዝ መጣል። ብረት ያን ያህል ሳስቶ፣ ጠንክሮና ሳይጣመም ሊሳል እንደማይችል የዘርፉ አዋቂዎች ደጋግመው ነገሩት። ችግሩን የፈታው ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ስሙ በማሸጊያው ላይ ባይገኝም ያለ እሱ ምላጩ ሐሳብ ሆኖ በቀረ ነበር። ድርጅቱ በ1901 ተቋቋመ። በ1903 የተሸጡት መላጫዎች 51 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 90 ሺህ ዘለለ። በየምላጩ መጠቅለያ ላይ የታተመው የጂሌት ምስል ግን ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ሪዝ ነበረው። ፈጣሪው ራሱ መላጫውን ፊትን ጨርሶ የሚመለምል መሣሪያ አድርጎ እንዳላየው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ረቂቅ ነው። ደረቅ ጢም ጠንካራ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጉልበትም ብዙ ይቀንሳል። ሙቅ ውኃና ሳሙና ከመላጨት የሚቀድሙት ለምቾት ብቻ አይደለም። መያዣው ስስ ምላጩን ሲጨብጠው በትንሹ ያጎብጠዋል፤ መጉበጡ ግትርነት ይሰጠዋል፣ ከቆዳው ጋር የሚገናኝበትንም ማዕዘን ይወስናል። ከብረቱ እጅግ የሚለሰልሰው ፀጉር ብረቱን እንዴት ያደነዝዘዋል የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ቅርብ ዓመታት በአጥጋቢ ሁኔታ አልተመለሰም ነበር። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት ምላጩ ፀጉር ሲቆርጥ በማይክሮስኮፕ ውስጥ ተመለከቱት። ብረቱ ከፀጉሩ 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሆኖም የብረቱ ውስጣዊ አወቃቀር ከቦታ ቦታ አንድ ወጥ ስላልሆነ፣ ፀጉሩም በተወሰነ ማዕዘን ሲጎብጥ ደካማውን ቦታ ስለሚያገኘው፣ ከጠርዙ ጥቃቅን ፍንካች ይነሳል። ምላጭ የሚጣለው ተፈግፍጎ በማለቁ ሳይሆን ጠርዙ እየተሸራረፈ በመሄዱ ነው።

ወደ ፋሽኑ እንመለስ። ድዋይት ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ከ1842 እስከ 1972 በታተመው የለንደን ሳምንታዊ ሥዕላዊ ጋዜጣ ላይ የወጡትን ወንዶች ፊት እያየ ቆጥሮ፣ ውጤቱን በ1976 አሳትሟል። የቆጠረው ቀልቡ እንደወደደለት አልነበረም፤ ዓመት በዓመት፣ ዓይነት በዓይነት ለይቶ ነው። መጀመሪያ ከጆሮ ሥር ወደ ጉንጭ የሚወርደው ጢም ከፍ አለ፣ ከዚያ ሙሉ ጢም ተከተለ፣ በመጨረሻም ሪዝ ብቻውን ነገሠ። ሙሉ በሙሉ የተላጩት ሰዎች ድርሻ ዝቅተኛው ላይ የደረሰው በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ሲሆን ከዚያ ወዲህ መነሣት ጀመረ። የጂሌት መላጫ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ወደ 20 ዓመት ገደማ ማለት ነው። የጋዜጣ ሥዕል የባለ ሥልጣንና የባለጸጋ ፊት ነው፣ የተራውን ሰው አያሳይም ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። ነቀፋው ትክክል ነው፤ ግን ክርክሩን አያፈርስም። ፋሽን ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከላይ ነው፤ የጌቶቹ ፊት አስቀድሞ መላጨት ከጀመረ የተራው ሰው ፊት የሚከተለው አቅጣጫ ታውቋል ማለት ነው። የቀረው አቅሙ ነበር፤ አቅሙን የሰጠው ምላጩ ነው።

ሌላው መከራከሪያ ልማዱን የፈጠረው ማስታወቂያ ነው የሚል ነው። ድርጅቱ በእርግጥ ብዙ ገንዘብ ለማስታወቂያ አውጥቷል። ከዚህ ጋር መያዣውን በነጻ ሰጥቶ ሰውን ካጠመደ በኋላ በምላጩ ሽያጭ ከበረ የሚለው ታሪክ በንግድ ትምህርት ቤት ሁሉ ይነገራል። የዋጋው መዝገብ ግን ይህን አይደግፍም። የጂሌት መላጫ የፈጠራ መብቱ እስካለቀበት እስከ 1921 ድረስ የሚሸጠው በ5 ዶላር ነበር፤ በዘመኑ ይህ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ሲሶ ያህል ነው። ዋጋው የወረደው መብቱ ሲያልቅና ተፎካካሪ ሲመጣ ነው። በየጊዜው ጥናት ያደረጉ የሕግና የኢኮኖሚ ሰዎች ይህን አሳይተዋል። የደመወዙን ሲሶ ለመላጫ የሚከፍል ሰው በነጻ ስጦታ ተታልሎ አልገባበትም። ቀድሞ ይፈልገው የነበረውን ነገር አገኘ።

ፍላጎቱን ወደ ግዴታ የለወጠው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ግልጽ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የእንግሊዝ ሠራዊት ደንብ የወታደር የላይ ከንፈር እንዳይላጭ ያዝ ነበር። ሪዝ የወንድነትና የማዕረግ ምልክት ስለነበረ ወታደሩ ቢፈልግም ባይፈልግም ማሳደግ ነበረበት። ይህ ትእዛዝ በጥቅምት 1916 ተሻረ። የመርዝ ጋዝ ጭንብል ፊት ላይ ልጥፍ ካላለ አየሩ በጠርዙ ስለሚሾልክ፣ ቦይ ውስጥ ያለው ቅማልና ጭቃም ስላስቸገረ፣ የተላጨ ፊት ጥቅም ነበረው። አሜሪካም በ1918 ለወታደሮቿ ወደ 3.5 ሚሊዮን መላጫና ከ30 ሚሊዮን በላይ ምላጭ ከጂሌት ገዛች። ያ ሁሉ ወጣት ራሱን በራሱ በየዕለቱ መላጨትን የተማረው በሠራዊት ትእዛዝ ነው፤ መላጫውንም ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ጭንብሉ ከፊቱ ከወረደ በኋላ መላጨቱ ለምን ቀጠለ ቢባል፣ መሣሪያው በእጁ ስለነበረና የቢሮ አለቃውም እንደ እሱ የተላጨ ስለሆነ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ መላጨት በሚቻልበት ዘመን የሦስት ቀን ጢም የማንም ፊት ነበር። በየጧቱ መላጨት ከተቻለ በኋላ ያው ጢም የስንፍና ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ። በ1915 ይኸው የጂሌት ድርጅት ለሴቶች የሚሆን መላጫ ገበያ ላይ አውጥቶ ነበር። ቀድሞ ማንም የማይጠይቃቸው የብብትና የእግር ፀጉር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በምዕራቡ ዓለም የሴት ልጅ ግዴታ ሆነ። በወንዱም በሴቷም ላይ የሆነው አንድ ነገር ነው።

ግዴታውን የጤና ጉዳይ ነው ብለው የሚሟገቱለትም ነበሩ። የጀርሞች ነገር ከታወቀ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ አንዳንድ ሐኪሞች ጢም የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ይሸከማል ብለው አስጠንቅቀዋል። በዚያው ዘመን ግን በእንግሊዝና በአሜሪካ አንዳንድ ሰዎች በመላጫ ብሩሽ ሳቢያ በአባ ሰንጋ ተይዘዋል። ከተበከለ የፈረስ ፀጉር የተሠራው ርካሽ ብሩሽ ምላጩ የጫረውን ቆዳ አግኝቶ በሽታውን አስገባ። መላጨት ጤና ነው የሚለው ቃል ሳይመረመር ሊወሰድ እንደማይገባ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

በቅርብ ዓመታት ጢም ተመልሶ የለም ወይ፣ ታዲያ የምን ግዴታ ነው የሚል ሰው ከበድ ያለ ጥያቄ ያነሣል። እውነት ነው፣ ከ2010 ወዲህ ሙሉ ጢም በከተማ ወጣቶች ዘንድ ከመልክ ውበት ተቆጥሯል። የተመለሰው ጢም ግን የቀድሞው አይደለም። አንገቱ ላይ በምላጭ መስመር ይወጣለታል፣ ጉንጩ ላይ ይስተካከላል፣ ርዝመቱ በየሳምንቱ ይለካል፣ ዘይት ይቀባል። በ2003 በሜልበርን ከተማ የተጀመረው፣ ወንዶች በኅዳር ወር ሪዝ አሳድገው ለወንዶች ጤና ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ዘመቻ ሊሠራ የቻለው፣ ሪዝ ከተለመደው ፊት ወጣ ያለ ሆኖ ስለሚታይ ነው። በዚያ ላይ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ሙከራ ጢም ይበልጥ የሚማርከው ብዙዎች በተላጩበት መካከል ሲታይ እንደሆነ፣ ብዙዎች ባሳደጉበት ደግሞ የተላጨው እንደሚማርክ አሳይተዋል። የፋሽኑ ማዕበል ወጣ ወረድ ማለቱን አያቆምም። ከምላጩ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ግን ዛሬ ጢም ያለውም የሌለውም እኩል ፊቱን በየጊዜው መሥራት የሚጠበቅበት መሆኑ ነው።

የዚህ ግዴታ ሸክም በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም፤ እኛን በቀጥታ የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው ጢሙን ከሥር ሲላጭ የተቆረጠው ሹል ጫፍ ሲያድግ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ቦታው ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል። ይህ ሕመም በጥቁር ወንዶች ላይ በስፋት ይታያል። ፋብሪካዎቹ በ1971 ሁለት፣ በ1998 ሦስት፣ በ2006 አምስት ስለት በአንድ ራስ ላይ ሲደረድሩ የፊተኛው ፀጉሩን ስቦ የኋለኛው ከቆዳ በታች እንዲቆርጥ አድርገዋል። ለቀጥ ያለ ፀጉር ልስላሴ የሚሰጠው ይህ አሠራር ለተጠቀለለው ሕመሙን ያባብሳል። በ1993 በአትላንታ ከተማ ጥቁር የእሳት አደጋ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት ያለመላጨት መብት ጠይቀው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመተንፈሻ ጭንብሉ ደህንነት ይቀድማል ብሎ ፈረደባቸው። ጭንብል በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ፍርዱ ምክንያት አለው። ጭንብል በማይደረግበት ቢሮና በር ጠባቂነት ላይ የተላጨ ፊት ብቻ ይፈለጋል ማለት ግን የአንዱን ሰው ፀጉር ለሁሉም መለኪያ ማድረግ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በ2020 ለነዚህ ሰዎች የሚሰጠውን የሐኪም ፈቃድ እስከ አምስት ዓመት እንዲዘልቅ ማድረጉ ይህን የተገነዘበ እርምጃ ነበር። በዚያ አገር ሠራዊት ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያንም የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ናቸው።

በአገራችን ደግሞ የምላጩ ርካሽነት ሌላ፣ የሚደገፍ ግዴታ ወልዷል። ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት ስለት በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ትምህርት በየመንደሩ ሲሰጥ ደንበኛ ለራሱ አዲስ ምላጭ ይከፈትልኝ ብሎ መጠየቅ ይችል የነበረው ምላጩ የሚጣልና ዋጋውም ትንሽ ስለነበረ ነው። ረጅሙ ታጣፊ ምላጭ በየፀጉር ቤቱ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በተግባር ሊውል አይችልም ነበር። ዛሬ አብዛኛው ደንበኛ ጢሙን የሚያስነሣው በኤሌክትሪክ ቶንዶስ ነው፤ ለተጠቀለለ ፀጉርም ከቆዳ ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚቆርጥ ከምላጭ ይሻላል። የቶንዶስ ጥርስ ግን አይጣልም። ቆዳ ሲጭርም ደም ይነካዋል፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው የሚሄደውም ያው ጥርስ ነው። ስለዚህ ምላጩን ከወረቀቱ ሲወጣ ለማየት የለመደ ደንበኛ የቶንዶሱም ጥርስ ፊቱ ላይ ከማረፉ በፊት በአልኮል ሲጸዳ ሊያይ ይገባዋል፤ ባለሙያውም ሳይጠየቅ ቢያደርገው የሚያወጣው ወጪ ትንሽ ነው።